ባለ ሦስት ድንጋዩ አባት

ቢቸና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህር ፍቅረ ሥላሴ፤ ሞጣ።

እንዴት ከርመሃል የእህቴ ልጅ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ደብዳቤህ ኃጢአቴን አንድ በአንድ ስለዘረዘርህልኝ ደህና መሆኔን መናገር አፈርሁ። እግዜር ይስጥህ። ስድሳ ሁለት ዓመት ስኖር እንዲህ ተጠንቅቆ ያነበበኝ ሰው የለም።

በተራ ልመልስልህ። ጠላ ይጠጣሉ ወይ ላልኸው፣ እጠጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሁለት ጣሳ። ፍርድ ቤት በር ላይ የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ይቀልዳሉ ወይ ላልኸው፣ እቀልዳለሁ። ሚስቱን ሊፈታ የመጣ ሰው ማመልከቻውን እየጻፍሁ ካሳቅሁት ግማሹን ታርቋል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሰው እንዲህ አድርጌ ወደ ቤቱ መልሻለሁ፤ ገበያዬን ገደልሁ እንጂ ምን አጠፋሁ?

የንስሐ አባታችንን ቄስ አካለ ወልድን «ላላ ያሉ ካህን ናቸው» ማለትህን ግን አልነገርኋቸውም። አንተን ያጠመቁ፣ እናትህን ይርጋነሽን ፍትሐት ያደረሱላት እሳቸው ናቸው። ይህን አንተ ራስህ መጥተህ ንገራቸው፤ እኔ ከጀርባህ ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ።

ጾም ጸሎት ማዘውተርህ ደስ ይለኛል፤ ይህን ስጽፍ አልቀለድሁም። እናትህም ብትኖር ደስ ይላት ነበር። ግን አከራይህን ወይዘሮ ፈንታዬን ራዲዮሽን ዝጊ አልሃት የሚባለው እውነት ነው? የሁለተኛ ክፍል ልጆችንስ በክፍል ውስጥ መሳቅ ከለከልህ አሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ካልሳቀ ምን ያድርግ፣ ግብር ይክፈል?

የዚህ ወር ሠላሳ ክኒን እንደ ወትሮው በክብሪት ቀፎው ውስጥ አለ። ሾፌር ሰማው ያደርስልሃል። እዚያ ጤና ጣቢያ ተሰልፈህ የተማሪ ወላጅ እንዳያይህ ስለምታፍር፣ ጉልበቴ እስከቻለ እኔ እዚህ እሰለፍልሃለሁ። ማታ ማታ አንዲት። አንተ ቀን ብትዘልላት፣ የሚጥለው በሽታ አንተን አይዘልህም።

ቤቱ ሰፍቶብኛል። አንተ ከሄድህ ወዲህ ቀልዴን የሚሰማ ጠፍቶ ለጽሕፈት መኪናዬ እነግራታለሁ። እሷም አንተን መስላለች፤ አትስቅም።

አጎትህ ደምለው


ሞጣ፣ ኅዳር 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ደምለው፤ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ። ስለ ራዲዮውና ስለ ልጆቹ የጠየቁኝን አልመልስም፤ እርስዎ ነገሩን ወደ ሳቅ ስለሚወስዱት።

አንድ ትልቅ ነገር ግን ልንገርዎት። ኅዳር 8 ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በክፍሌ በር ሥር ገብቶ የተቀመጠ ፖስታ አገኘሁ። የላኪ ስም የለውም። በውስጡ ያለው በዓባይ በረሃ፣ በዋሻ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሦስት ድንጋይ ብቻ የሚንተራሱ አንድ አባት ያስጻፉት መልእክት ነው። «በመምህር ወንበር የተቀመጥህ ወጣት ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ጋሼ፣ ስሜን አልጠራም፤ የተጻፈው ግን ለእኔ ነው።

ለጸሎት ማኅበራችን ልጆች አነበብሁላቸው። ዐሥራ አንድ ሆነን በእጃችን ገለበጥነው፤ ዋናውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ እኔ አስቀምጫለሁ። ኅዳር 15 ጀመርን። አርባ ቀን ሙሉ ከተነከረ ጥሬና ከውኃ በቀር በአፋችን ምንም አይገባም። አንስቅም። ትራሳችን ድንጋይ ነው።

ስለዚህ የክብሪት ቀፎውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። ከጀመርንበት ቀን ወዲህ ያልነካኋቸው ክኒኖች ሁሉ አሉበት። ክኒን ጥሬ አይደለም፣ ውኃም አይደለም። መልእክቱ «ምንም» ይላል፤ ምንም ማለት ምንም ነው።

እስከ አሁን አልጣለኝም። ደስ ይበልዎት።

ፍቅረ ሥላሴ


ቢቸና፣ ኅዳር 27 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፍቅሬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደ ጀመረ ልንገርህ። ኃጢአቴን የዘረዘርህበት ደብዳቤህ ሆዴን በላው። አሥራ ሁለት ዓመት አሳድጌህ፣ በአንድ ዓመት ጠላ ጠላ ሸተትሁህ። ልቆጣህ አልፈለግሁም፤ ቁጣ አልችልበትም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ ቀለድሁብህ። በራሴ የጽሕፈት መኪና ብመታው ታውቀዋለህ ብዬ የጓደኛዬን ተዋስሁ። ሰማው በበርህ ሥር እንዲያስገባው ለመንሁት። ምን እንደ ያዘ እሱ አያውቅም፤ እሱን እንዳትቀየመው።

ጥሬውን የጻፍሁት አንተ ሽሮ ፊት ስትቀርብ እንዴት እንደምትሆን ስለማውቅ ነው። አትሳቅ ያልሁት፣ ማሳቅ ስለከለከልኸኝ ነው። የወረቀቱ ሰባተኛ ቃል ትዝ ይልሃል? «አጎት ያለው የአጎቱን እግር ይጠብ» ይላል። ይህን የትኛው ባሕታዊ ይጽፈዋል? እዚያ ስትደርስ ሳቅህ ከሞጣ ቢቸና ድረስ ይሰማኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።

የመጣው ግን ክብሪት ቀፎው ነው።

ስከፍተው ምን እንደ ተሰማኝ አልጽፍልህም። በየወሩ ተሰልፌ፣ አንድ ሁለት ብዬ ቆጥሬ የምልክልህ ሰው፣ «በአፉ ምንም አያግባ» ብዬ ስጽፍ ክኒኒቱን ረሳኋት። እንዲሁ ረሳኋት። ቀልዱ ጣፍጦኝ።

ቀፎውን መልሼ ልኬልሃለሁ። ዛሬውኑ ዋጥ። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ስድብ ጻፍልኝ፤ ሥርዓተ ነጥቡን እንኳ አላርምህም።

ደምለው


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ደምለው፤

ውሸትዎን አነበብሁት። ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ አልተቀየምሁም።

ልጅ ሳለሁ ራዲዮ ውስጥ ያለው ሰውዬ ርቦታል ብለው ዳቦ በቀዳዳው ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ዶሮ ሊመዘገብ ነው ብለው የሰፈሩን ሴቶች ዶሮ ታቅፈው ወደ ዘመድ ቤት ያስሸሹም እርስዎ ነዎት። እናቴ የሞተች ዕለት «አክስትህ ዘንድ ሄዳለች» ብለውኝ ሦስት ቀን በር በር ሳይ ከርሜያለሁ። አሁን ደግሞ ክኒን ሊያስውጡኝ የአባን ቃል የእኔ ነው ይላሉ። በሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ የቅዱስ አባትን ቃል መስረቅ ግን ሌላ ነው። ስለ እርስዎ እየሰገድሁ ነው።

ስለ ሰባተኛው ቃል ማን እንደ ነገረዎት ገብቶኛል። ወይዘሮ ፈንታዬ ክፍሌን ስትጠርግ ጨርቁን ፈትታ አይታለች። ክፍሌን ቆልፌያለሁ፤ ከእሷም ጋር ሰላምታ አቁሜያለሁ። ያ ቃል ገልባጭ የጨመረው ነው ብለን ከቅጂዎቻችን አውጥተነዋል።

ክብሪት ቀፎውን መልሻለሁ። እባክዎ ከዚህ ወዲያ አይላኩ።

ሰማው ግንባሬ ላይ ስላለው ቁስል ይነግርዎት ይሆናል። በር መትቶኝ ነው።

ፍቅረ ሥላሴ


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፍቅሬ፣

የእናትህን ነገር አንስተሃል። እውነትህን ነው። ያን ዕለት ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያኔ ቃል ሲያጥረኝ የዋሸሁት፣ ዛሬ እውነቱን ስናገር ቀድሞኝ ሄዶ በሩን ዘጋብኝ። እንግዲህ ማንን እወቅሳለሁ?

ስለ በሩ ግን፦ ሰማው በሩን አይቶታል። የአንተ በር ሰውን በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቴ መትቶ፣ ምላስ የሚያስነክስ በር ነው አለኝ። ወይዘሮ ፈንታዬ በመስኮት ስትሰማህ እያለቀሰች በሩን ልትገነጥለው ደርሳ ነበር። ያቺን ሴት ነው ሰላምታ የነሳሃት።

ሌላም ነገር ሆነ። ሐሙስ ዕለት አንዲት የዚህ ሰፈር ተማሪ፣ ስርጉት የምትባል፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ይህን በካርቦን ሃያ ቅጂ ያውጡልኝ» አለችኝ። የእጅ ጽሑፍ ነው። «በመምህር ወንበር የተቀመጥህ» የሚለው «በዚህ ዓለም የተቀመጥህ» ሆኗል። ሰባተኛው ቃል የለም። በቦታው አዲስ ገብቷል፤ «ክኒን የሚውጥ እምነቱን ይተፋል» ይላል። ይህን እኔ አልጻፍሁም ፍቅሬ። ወረቀቴ ከቤት ወጥቶ ያለ እኔ አድጓል። እውነቱን ነገርኋት። ከት ብላ ሳቀች፤ «እርስዎ ደግሞ!» ብላ ወረቀቷን ይዛ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደች። በሕይወቴ ሰው ባይስቅልኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ምን እንዳሰብሁ ልንገርህ። ከአባ ዘንድ ሁለተኛ ወረቀት ልጻፍ አልሁ። «ሕመምተኛ ልጆቼ መድኃኒታችሁን ዋጡ» የሚል። ወረቀቱን ለመኪናዬ አጉርሻት ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደምትውጣት አውቃለሁ፤ ለእኔ ያልታዘዝኸውን ለእሳቸው ትታዘዛለህ። ጣቴ ፊደሉ ላይ ሲደርስ ፈራሁና ወደ ቄስ አካለ ወልድ ሄድሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ከዚያ «ደምለው፣ በእግዚአብሔር ሰው ስም ስንቴ ፈርመሃል?» አሉኝ።

«አንዴ» አልሁ።

«በቃህ። ሁለተኛውን አምኖ ቢድን፣ ሦስተኛውን ማን ይጽፍለታል? አንተ ስትሞት የሚጽፈውን ታውቀዋለህ?»

ቀኖናዬ ይህ ነው፦ ወረቀቱ የደረሰበት ሁሉ ሄጄ፣ ሳልቀልድ፣ የእኔ ነው ማለት። ለአንተም በእጃቸው የጻፉት ከዚህ ጋር አለ። ከንስሐ አባት ሳይጠየቅ የተያዘ ስእለት እንደማያስር፣ እሳቸውም እንደ ፈቱህ፣ ለታመመም መድኃኒቱ ጾም እንደማያስገድፍ ይናገራል። አንብበው። ላላ ያሉ ናቸው አይደል? እንግዲህ ያላሉልህን ውሰድ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኔም ጥሬ እበላለሁ። የምታውቃቸው አራቱ መንጋጋዎቼ ናቸው ያሉኝ፤ አንዱን ሽንብራ ስመጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው የጻፈውን ይቅመስ ብዬ ነው።

ቀፎው ከደብዳቤው ጋር አለ። ብትመልሰውም እልከዋለሁ።

ደምለው


ሞጣ፣ ጥር 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ ደምለው፤

ጽሕፈቴ በመበላሸቱ ይቅርታ፤ በግራ እጄ ነው። ቀኝ እጄን የወይዘሮ ፈንታዬ ከሰል ነክቶት ነው። ቀላል ነው። ፋሻውን ያሰረችልኝ እሷ ናት።

የቄስ አካለ ወልድን ጽሑፍ አየሁት። እሳቸው እርስዎን ሰምተው የጻፉት ስለሆነ አልቀበለውም።

አርባው ቀን ሞላ። ከዐሥራ አንዳችን ሰባታችን ጨረስን። ስድስቱ ደስ ብሏቸው እህል ቀመሱ፤ እኔ ግን አልዳንሁም። በጾሙ ውስጥ አንድ የጎደልሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ አባን ራሳቸውን መጠየቅ አለብኝ።

ለትምህርት ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ከጥምቀት ማግስት ከየጁቤ ቁልቁል ወደ ዓባይ እወርዳለሁ። መንገዱ በወረቀቱ ላይ አለ፦ ቁልቁለቱ ሲጋመስ፣ ከትልቁ ሾላ በስተቀኝ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ካላገኘኋቸው እስኪመለሱ እዚያው እጠብቃለሁ።

ልጆቹ ስሰናበታቸው አላለቀሱም፤ አልሳቁምም። አስተምሬያቸዋለሁ።

ይፍቱኝ።

ፍቅረ ሥላሴ


ከየጁቤ በታች፣ ጥር 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ፍቅሬ፣

ይህን ደብዳቤ ከሦስቱ ድንጋዮች ሥር ካገኘኸው፣ አባን አግኝተሃቸዋል።

መጀመሪያ ከቀፎው አንዲት አውጣ። አጠገቡ ጠርሙስ አለ። ከዚያ ተቀመጥና አንብብ፤ ገደሉን በጀርባህ አድርግና ወደ ውስጥ ገብተህ ተቀመጥ።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ለቤቱ ቁልፍ እንኳ ሳላደርግ ተነሣሁ። አንተ ወደዚህ እንደምትመጣ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ወዴት እንደምትመጣ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱን ስጽፍ ባሕታዊውን የማኖርበት ዋሻ አስፈለገኝ። በዕድሜዬ የማውቀው ዋሻ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። በሽታው መጣል የጀመረህ ሰሞን። እናትህ «ጠበል አድርስልኝ» ብላ ለመነችኝና እጅህን ይዤ በዚህ ቁልቁለት ወረድሁ። ሾላው ጋ ስንደርስ ጣለህ። አንተ አታስታውሰውም፤ በዚያ ሰዓት አልነበርህም። ተሸክሜ እዚህ አስገባሁህ። ከደጅ ሦስት ድንጋይ ለቅሜ ደረደርሁ፣ ጋቢዬን አጥፌ ደረብሁበት፣ ራስህን አስደገፍሁህ። ሁለቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዱ ነጣ ያለ። ሌላ ሰው ሊነግረኝ አይችልም፤ ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ዛሬም እንደ ተደረደሩ አገኘኋቸው።

ስትነቃ «የት ነን?» አልኸኝ። «ቤታችን» አልሁህ። ያኔም ዋሽቼሃለሁ።

ጠበሉ ጋ ስንደርስ የሚያጠምቁት ሽማግሌ ካህን ግንባርህን በመስቀል ዳስሰው ምን እንዳሉኝ ልንገርህ። «ሐኪም ዘንድም አድርሰው። ክኒን ከሰጡት በዚህ ያውርዳት» ብለው በጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጥኸው በዚያ ጠበል ነው። እናትህ ናት ብርጭቆውን የያዘችልህ። ትናንት ወንዙ ድረስ ወርጄ ከዚያው ቀዳሁልህ። ሽማግሌው ዐርፈዋል፤ ውኃው ይወርዳል። ዳገቱን ስመለስ አራት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ በአራተኛው ልተኛ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንተን እዚሁ ልጠብቅ ነበር የፈለግሁት። ግን ከነገ ወዲያ ጥምቀት ነው፤ ወረቀቱን የያዙት የሞጣ ልጆች ሁሉ ታቦት አጅበው ይወጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ክኒን የሚውጥ ልጅ ይኖር ይሆናል። የሱን አጎት አላውቀውም። ቄስ አካለ ወልድ አብረውኝ ይቆማሉ፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ ሳላስቅ ተናግሬ አላውቅም። ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም። እንግዲህ አንተ ስትወርድ እኔ ወደ አንተ አገር እወጣለሁ፤ በመንገድ እንተላለፋለን። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝ።

ዋሻው ውስጥ ሌላ ማንም የለም። ፈልገሃል፤ አውቃለሁ። ጸሎትህን ግን እዚሁ አድርስና ውጣ። አርባ ቀን የጸለይኸው ውሸት አልነበረም። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ጸሎቱ የአንተ ነው፤ እነሱን አትቀላቅልብኝ።

እኔን ባትፈልገኝ አልፈርድብህም። ክኒኗን ግን የሚልክልህ ሰው አታጣ። ይህን በሰማው በኩል ለወይዘሮ ፈንታዬ አደራ ብያታለሁ።

ደምለው


የጁቤ፣ ጥር 15 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ደምለው፤

ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ከጤና ጣቢያው ደጅ ሆኜ ነው፤ እጄን አጥበው አሰሩልኝ። ተሰልፌ ነው የገባሁት። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም።

ዋሻውን በአንድ ቀን አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ አባን ስጠራ ዋልሁ፤ የመለሰልኝ ዝንጀሮ ብቻ ነው። ደብዳቤዎን ወዲያው አይቼዋለሁ። ጽሑፍዎን ሳውቀው ጊዜ አልነካሁትም። ወጥቼ ሾላው ሥር አደርሁ። ያነበብሁት በማግስቱ ነው። ድንጋዮቹ እንዳሉት ናቸው፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ነጣ ያለ።

ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርዎት። ሰባተኛውን ቃል ገልባጭ አልጨመረውም፤ ዋናው ላይ ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳነበው የእርስዎ ድምፅ መጣብኝ። ልስቅ ነበር። ያኔ ምላጭ አንሥቼ ፋቅሁት፤ ከዚያ ለልጆቹ አነበብሁላቸው። ወይዘሮ ፈንታዬ ጨርቁን ፈትታ ብታየው እንኳ የምታገኘው የተፋቀ ቦታ ብቻ ነበር። ያን እያወቅሁ ነው ሰላምታ የነሳኋት።

ክኒኗን በጠበሉ አውርጃታለሁ። አልሳቅሁም፤ ይህን ይወቁልኝ። ይቅር ብያለሁ ለማለትም ገና ነኝ። ሞጣ ላይ ምን እንዳሉ፣ ማን እንደ ሰማዎት አላውቅም። ብቻዎን እንደ ቆሙ ግን ከዚህ ሆኜ አየሁዎት።

ቅዳሜ ቢቸና እገባለሁ። በር ላይ ቆመው እንዳይቀልዱ። ዳገት የወጣ እግር ያብጣል፤ ውኃ ያሙቁልኝ። ቀኝ እጄ ስለታሰረ በግራዬ ነው የማጥብዎት።

ፍቅረ ሥላሴ